የማታው ወተት

በደጋው አገር ወተቱ የቤቱ ነው፤ ቅቤው ግን የሴቲቱ ነው። ይህን የደነገገ አዋጅ የለም። ሆኖም ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ ያለውን ሰው ብትጠይቁ ማንም አይከራከራችሁም። ላሚቱን የገዛው አባወራው ሊሆን ይችላል፤ ድርቆሹን የከመረው፣ ላሚቱን ወደ አዳቃዩ የነዳትም እሱ ይሆናል። ከታለበች በኋላ ግን ወተቱ ጓዳ ይገባል፤ የጓዳ አዛዥ ደግሞ እማወራዋ ናት። በወይራ በታጠነ ዕቃ ረግቶ፣ ተንጦ፣ ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሎ ገበያ ሲወጣ ብሩ መቀነቷ ውስጥ ይቋጠራል። ጨውና በርበሬ፣ የልጅ ደብተርና እርሳስ፣ የእድር መዋጮ፣ ሌሊት ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ጤና ጣቢያ ማድረሻ፣ የወለደች እህትን መጠየቂያ፣ ሁሉም ከዚያ ቋጠሮ ይወጣል። ባል «ስንት አለሽ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚስቱን የቅቤ ብር የሚቆጥር ወንድ በሰፈሩ ስሙ አያምርም።

ስለዚህ ቋጠሮ ልጽፍ የተነሣሁት ሲፈታ ስላየሁ ነው። የፈታው ክፉ ሰው አይደለም። በቅን ልብ የተነደፈ፣ በጀት የተመደበለት፣ በየሪፖርቱ ሴቶችን ደጋግሞ የሚያነሣ የልማት ፕሮጀክት ነው። ነገሩን ቀርቤ እንዳየው ያደረገኝ ጭቃ ስለሆነ ከጭቃው ልጀምር።

ሐምሌ እያለቀ ነበር። አንድ የውጭ የልማት ድርጅት በሰሜን ሸዋ አንድ ወረዳ ውስጥ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲደግፍ ቆይቶ፣ ሴቶች ምን ያህል እንደተጠቀሙ እንዳጠናለት ተዋዋለኝ። ሾፌሩ፣ የፕሮጀክቱ የመስክ ሠራተኛና እኔ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ተነሣን። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ በክረምት ጠዋት ጉሙ ሰውን ከሰው አያስተያይም፣ ብርዱም አጥንት ይገባል። ስብሰባው ለጠዋቱ አራት ሰዓት ተጠርቷል፤ ሴቶቹ በቀበሌው አዳራሽ ይጠብቁናል።

ከአስፋልቱ ከተገነጠልን በኋላ መንገዱ መረሬ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል፤ በክረምት ጎማ ላይ እየተለጠፈ ጎማውን ያወፍረዋል። አንድ ጠባብ ቦታ ደረስን፤ በግራ የድንጋይ ካብ፣ በቀኝ ውሃ የሞላው ቦይ። መኪናዋ ተንሸራተተች። የፊት ጎማዋ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ ኋላዋ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ቀረ። ሾፌሩ ሊያስወጣት በታገለ ቁጥር ይበልጥ ሰመጠች። ድንጋይ አነጠፍን፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከጎማው ሥር ጎሰጎስን። ከእርሻቸው የተጠሩ ገበሬዎች በሬ ጠምደው ጎተቱ፣ ገመዱ ተበጠሰ። በመጨረሻ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። ስልክ በዚያ ሸለቆ ውስጥ አይሠራም። ሾፌሩ ከመኪናው አልለይም አለ። የመስክ ሠራተኛውና እኔ ጫማችንን በእጃችን ይዘን በእግር ቀጠልን።

አዳራሹ ስንደርስ ጀምበር ጠልቃለች፣ በሩም ተቆልፏል። ሴቶቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀው፣ የላም ማለቢያው ሲደርስ ተበትነዋል።

ይህን በቀላሉ ላልፈው አልችልም። አንዲት የገጠር ሴት በክረምት ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሽ ተቀመጠች ማለት በረቱ ሳይጠረግ፣ ውሃው ሳይቀዳ፣ እርሻ ላይ ላለው ሰው ምሳ ሳይደርስ ዋለ ማለት ነው። ሌላው ሥራ ወደ ሌሊት ይገፋል። ልማት የሚባለው ሥራ ሴቶችን አዘውትሮ ይጠራል፤ ለስብሰባ፣ ለሥልጠና፣ ለክትባት ቅስቀሳ፣ ለችግኝ ተከላ። ሲጠራቸው ግን ጊዜያቸው ዋጋ እንዳለው አድርጎ የሚያስብ ጥቂት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ቆርጦላቸው፣ በየቀበሌው መደበ፤ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ለእኔ ይህ በአገራችን ሴቶች የሥራ ታሪክ ውስጥ ከታዩት ትላልቅ ነገሮች አንዱ ነው፤ የገበሬ ልጅ በገዛ ቀበሌዋ የወር ደመወዝተኛ ሆነች። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ግን ከእነሱ ሥር የሴቶች ልማት ሠራዊት ተደራጀ፣ አንድ ለአምስት ተባለ። ቤት ለቤት የምትዞረው፣ ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ የምትሸኘው፣ መጸዳጃ ቤት ያልቆፈረውን የምትመክረው ያቺ የአምስት ሴቶች መሪ ክፍያ አልነበራትም። ሥራው ያው የጤና ሥራ ነው፤ በነፃ ያደረገው ሠራተኛዋ እናት መሆኗ ብቻ ነው።

በዚያ ምሽት ያስጠጋችኝ ሴት ከእነዚህ መሪዎች አንዷ ነበረች። ከአዳራሹ በታች ካለው የድንጋይ ቤት በር ላይ ሆና አየችንና ተጣራች።

«ግቢ እንጂ ልጄ! ዝናብ ላይ ምን ያቆምሻል? አንተም ና ወንድሜ፣ ግባ።»

«እግዜር ይስጥልን እትዬ። መሽቶብን ነው።»

«መሽቶባችሁ ሳይሆን መሬቱ ይዟችሁ ነው። ሰምተናል።»

ልጇ ለብ ያለ ውሃ አምጥታ እግሬን አጠበችኝ። የገብስ ቂጣ በሽሮ ቀረበ። ባና ደረቡልኝ፤ የመንዝ ባና ሱፉን ሴት ትፈትለዋለች፣ ወንድ ይሸምነዋል፣ ብርዱን ደግሞ እሱ ብቻ ይመክታል። ባለቤቷ ጋሼ ዝምተኛና ደግ ሰው ናቸው፤ መኪናዋን ለማውጣት በሬያቸውን ይዘው ከመጡት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

እራት እንደበላን የመስክ ሠራተኛው ቀኑ እንዲሁ አይለፍ ብሎ መጠይቁን አወጣ። ስንት ላም፣ ስንት ሊትር፣ የማኅበሩ አባል ማን ነው እያለ ቆይቶ ዋናው ጥያቄ ላይ ደረሰ፤ ከወተት የሚገኘውን ገቢ አጠቃቀም የሚወስነው ማን ነው? ባል፣ ሚስት፣ ወይስ በጋራ?

ጋሼ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እሷ ምድጃው ላይ የተጣደውን ጀበና እያስተካከለች፣ ቀና ሳትል፣ «በጋራ ነው» አለች።

ምልክቱ «በጋራ» ላይ ተደረገ። ይህች ምልክት ከሌሎች መቶ ምልክቶች ጋር ተደምራ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ውጭ ገንዘብ ለጋሾች ትሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ባየኋቸው የፆታ ጥናቶች ሁሉ «በጋራ» የሚለውን መልስ ሳይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሲጠየቅ ማን ማን ነበር ቤት ውስጥ?

እትዬ ሌሊቱ ሳይነጋ ተነሥታ ነበር። የበረቱን እበት ጠርጋ፣ ለከብቶቹ ፉርሽካና ፋጉሎ በጥብጣ፣ አልባ፣ ለልጆቹ ቁርስ አድርሳ ስትጨርስ ገና ወፍ መንጫጫት ጀመረ። ላሟ ዲቃላ ናት። የአገራችን ላም በቀን ከሁለት ሊትር እምብዛም አትዘልም፤ ዲቃላዋ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትሰጣለች። ትፈልጋለችም፤ ድርቆሹ፣ መኖው፣ ውሃው፣ ንጽሕናው፣ ሕክምናው። የጨመረው ወተት የማንን ጉልበት እንደጨመረ ሊትር የሚቆጥረው መዝገብ አያሳይም።

ጀሪካኗን አዝላ ስትወጣ ተከተልኳት። ወተት መሰብሰቢያው በር ላይ ሴቶችና ልጆች ተሰልፈዋል። ተቀባዩ ወጣት ላክቶሜትሩን ይነክራል፤ ወተቱን ከአልኮል ጋር ቀላቅሎ ይነቀንቃል፤ ከቋጠረ ይመለሳል፣ ካልቋጠረ በደብተር ይመዘገባል። ግማሹን ሰልፍ ሳያገባድድ ስልኩ ጮኸ። የፋብሪካው ፒክአፕ ከአስፋልቱ ወጥቶ ብዙም ሳይሄድ ቆሟል። መንገዱ ላይ አንድ መኪና ተጋድሟል፤ የእኛው።

ልቤ ወደቀ። የአንድ ቀበሌ ወተት በእኛ መኪና ምክንያት ሊበላሽ ነው ብዬ ለሴቶቹ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። እትዬ ጀሪካኗን መልሳ እያዘለች፣ «አትሳቀቂ ልጄ፣ ወተት አይጠፋም፣ ይረጋል» አለችኝ። ከኋላዋ አንዲት ባልቴት «እሰይ!» አሉ ጮክ ብለው። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ተመለሱ። ለምን ደስ እንዳላቸው በዚያች ሰዓት አልገባኝም።

ዝናቡ አላባራ ብሎ መኪናዋ እዚያው ሰነበተች። በየቤቱ የመናጫ ገንቦው ከተሰቀለበት ወረደ፣ ታጠበ፣ በወይራ ታጠነ። በደጋ ብርድ ወተቱ ቶሎ አይረጋም፤ ቀናት ይፈልጋል። ሲደርስ ደግሞ መናጡ ወገብ ይቆርጣል። አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት እስከ 20 ሊትር ወተት ይሄዳል፤ ገንቦውን ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀሱ ሰዓታት ይወስዳል። በዚሁ በደብረ ብርሃን የነበረው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል የምርምር ጣቢያ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ አንድ መላ ዘይደው ነበር። የሴቶቹን ገንቦ እንዳለ ትተው ውስጡ የሚሽከረከር የእንጨት መምቻ ገጠሙለት። የመናጫው ጊዜ ከግማሽ በላይ አጠረ፣ የሚወጣውም ቅቤ ጨመረ። ይህን ባነሣሁ ቁጥር እነዚያን ተመራማሪዎች አመሰግናለሁ። የሴቲቱን ክንድ አሳረፉ፤ ቅቤው ግን ከእጇ አልወጣም።

ጎረቤቶቹ ለቡና የተሰበሰቡት እትዬ በምትንጥበት ቀን ነበር። ወንዶቹ እርሻ ላይ ናቸው፤ የመስክ ሠራተኛውም ሾፌሩን ሊያይ ወርዷል። ማንም መጠይቅ አላወጣም። ወሬው ራሱ እየተጎተተ መጣ።

«የወተቱ መኪና ሳይመጣ በፊት» አለች እትዬ ገንቦውን እያወዛወዘች፣ «በየሳምንቱ ቅዳሜ ቅቤ ይዤ እወጣ ነበር። አሁን ወተቱ በጠዋት ይሄዳል። ደብተሩ በእሱ ስም ነው፣ ብሩን በየአሥራ አምስት ቀኑ እሱ ይቀበላል። ክፉ እንዳይመስልሽ፣ ደግ ሰው ነው። የማዳበሪያውን ዕዳ ይከፍላል፣ መኖ ይገዛል፣ ቤቱንም ቆርቆሮ ያለበሰው በዚሁ ብር ነው። ግን የሚነግረኝ ብሩ ከወጣ በኋላ ነው። እኔ እንግዲህ ጨው ሲያልቅብኝ ‹ብር ስጠኝ› እላለሁ። ሃያ ዓመት በትዳር ስኖር ‹ብር ስጠኝ› ብዬ አላውቅም ነበር።»

ሌላዋ ቀጠለች። «መጀመሪያ የጠዋቱን ብቻ ነበር የወሰዱት፤ የማታው ለእኛ ነበር። ኋላ ሲያዩት የደጋው ብርድ የማታውንም ሳያበላሸው ያሳድረዋል። እሱም ይሄድ ጀመር።»

«በጾም ነው የምንተነፍሰው» አሉ ያቺ «እሰይ» ያሉት ባልቴት። ጾም ለሴቶቹ እፎይታ መሆኑን በየትኛውም የፕሮጀክት ሰነድ ላይ አላነበብኩም። በዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ በፍልሰታ 15 ቀን፣ በየረቡዑና በየዓርቡ ጿሚው ወተት ስለማይጠጣ ገበያው ይቀዘቅዛል። ፋብሪካው ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይተዋል። ፕሮጀክቱ ይህን «የገበያ ችግር» ብሎ መዝግቦታል፤ እውነትም ለማኅበሩ ችግር ነው። ለእነዚህ ሴቶች ግን ወተቱ ወደ ጓዳ የሚመለስበት ወቅት ነው። ረግቶ ተንጦ ይቀመጣል፤ ፋሲካ ሲቃረብ የቅቤ ዋጋ ሲወደድ መቀነት ይሞላል። ማኅበሩ ኪሳራ ብሎ የሚያለቅስበት ወር እነሱ የእድራቸውን የሚከፍሉበት ወር ነው።

የእኛ መኪና መንገድ ላይ መጋደም ለምን «እሰይ» እንዳሰኘ ያኔ ገባኝ።

ዓለም ይህን ሳያውቅ የቀረ እንዳይመስላችሁ። ዴንማርካዊቷ የኢኮኖሚ ምሁር ኤስተር ቦሰሩፕ ሴቶች በኢኮኖሚ ልማት ባላቸው ድርሻ ላይ ያተኮረ መጽሐፏን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። የቅኝ ግዛት ሹማምንትና የግብርና አማካሪዎች ሴቶች በሚያርሱበት አገር እንኳ አዲሱን መሣሪያና አዲሱን የገበያ ሰብል ለወንዶች እያስተማሩ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት እንዳሰፉት አሳየች። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 በሜክሲኮ፣ በ1985 በናይሮቢ፣ በ1995 በቤጂንግ ታላላቅ የሴቶች ጉባኤዎች ተደረጉ። ያም ሆኖ በጋምቢያ የሆነውን ተመልከቱ። በዚያ አገር በወንዙ ረግረግ ላይ ሩዝ የሚያመርቱት ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ለውዝና ማሽላ ያመርታሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 የጃሃሊ ፓቻር የመስኖ ፕሮጀክት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚዘራ መሬት ይዞ ሲመጣ ሴቶቹ እንዲጠቀሙ ታስቦ ነበር፤ የተወሰነው መሬትም በስማቸው ተመዝግቦ ነበር። ውሎ አድሮ መሬቱ «የቤተሰብ» ተባለ፣ በላዩ የሚያዘውም አባወራው ሆነ። ሴቶቹ በክረምትም በበጋም ሲሠሩበት ምርቱ ከእጃቸው ወጣ። ብዙዎቹ እንቢ አሉ፤ ጉልበታችን ከተፈለገ ይከፈለን ብለው ተሟገቱ።

በኬንያ ናንዲዎች ዘንድ ደግሞ የጠዋቱ ወተት የባል፣ የማታው የሚስት ነው የሚል የቆየ ልማድ አለ። ይህን ስሰማ የእትዬ ጎረቤት ስለ ማታው ወተት ያለችውን አስታወስኩ። ሁለቱ ሕዝቦች አይተዋወቁም፣ ቋንቋቸው አይገናኝም፤ ያወጡት ሥርዓት ግን አንድ ነው፤ ለእሱም ለእሷም፣ እያንዳንዳቸው ያለ ፈቃድ የሚያዙበት ድርሻ አለ። የህንዷ ከተማ አናንድ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ያስተማረችው ወተትን በጠዋትና በማታ እየሰበሰቡ በደብተር የመክፈል ዘዴ ብዙ ድሃ ገበሬዎችን ከድህነት አውጥቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። እዚያም ግን ላሟንና ጎሹን የምታበላው ሴት ሆና አባልነቱ በብዛት በባል ስም ሆኖ ኖሯል። ኋላ ሴቶች ብቻ አባል የሆኑባቸው የወተት ማኅበራት የተቋቋሙት ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ዝናቡ ጋብ አለ። እትዬ ቅቤዋን በቅጠል ጠቅልላ ገበያ ወጣች፤ እኔም አብሬያት ወጣሁ። ነጋዴዎቹ እየቀመሱ፣ እያሸተቱ፣ የለጋውን ከበሰለው እየለዩ ይከራከራሉ። አልቸኮለችም። ሦስት ጊዜ «አይሆንም» አለች፣ አራተኛው የጠራችውን ዋጋ ሰጣት። ከገበያው ዳር ቆማ ብሩን ስትለያይ አየኋት። ለእድር፣ ለጨውና ለበርበሬ፣ ለትንሿ ልጇ የዓይን መድኃኒት፣ ለሁለት ቄብ ዶሮ። የተረፈውን መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ቤት ስንገባ ጋሼ ዶሮዎቹን አይተው «ጥሩ ናቸው» አሉ፤ ዋጋቸውን አልጠየቁም።

ጋሼን ብወቅስ ደስ አይለኝም። ደብተሩን በስማቸው ያወጣው ማኅበሩ ነው፤ ማኅበሩን ያቋቋመው መተዳደሪያ ደንብ «ከአንድ ቤት አንድ አባል» ይላል፤ «ማን?» ሲባል ሁሉም ወደ አባወራው ያያል። ሥሩ ሩቅ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር። ይህ በ1992 የቤተሰብ ሕግ ተሻረ፤ ቤተሰቡን በማስተዳደር ባልና ሚስት እኩል ሆኑ፤ የአማራ ክልልም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ሕጉ ቢለወጥም የማኅበራት መዝገብ፣ የማዳበሪያ ዝርዝር፣ የብድር ቅጽ ስሙን ከቀድሞው ቦታ መፈለጉን አልተወም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው አባባል የሚኖረው በሰው አፍ ላይ ብቻ አይደለም፤ በቅጽ ላይም ይኖራል።

ግን አንድ ቅጽ ተለውጧል፣ ያውም በእትዬ ቤት ውስጥ ይገኛል። በክልሉ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የገጠር መሬት ሲመዘገብ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፋል፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ በደብተሩ ላይ ይለጠፋል። የ1997ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅም የጋራ ይዞታ በጋራ ባለይዞታዎቹ ስም እንዲሆን ደንግጓል። እትዬ ያንን ደብተር በፌስታል ጠቅልላ ነው የምታስቀምጠው። አውጥታ አሳየችኝ፤ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጋሼ ኮሌታቸውን ቆልፈው። በዚህ አገር ሴት በበሬ አታርስም፤ ባሏ የሞተባት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ግማሹን ነው የምታገኘው። ፎቶዋ ደብተሩ ላይ ካለ ግን ማንም የባሏ ወንድም መጥቶ «ውጪ» አይላትም፤ ባሏም እሷ ሳትፈርም መሬቱን አያከራይም። የሴቶች መብት ሥልጠና ስንት ጊዜ እንደወሰደች ጠይቄአት ነበር። ከሥልጠናው ብዙ እንደማታስታውስ ነገረችኝ። ፎቶ የተነሣችበትን ቀን ግን ታስታውሳለች።

መሬቱ ላይ የተቻለው ወተቱ ላይ የማይቻለው ለምንድን ነው?

መኪናዋ በትራክተር ወጥታ አዲስ አበባ ስንመለስ ሪፖርቴን ጻፍኩ። የቤቱ ገቢ መጨመሩን፣ ቆርቆሮውን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት መቆየት አልደበቅሁም፤ እውነት ናቸው። ቀጥዬ የሴቶቹ የራሳቸው ገቢ መቀነሱን፣ ሥራቸው መብዛቱን ጻፍኩ፣ ሦስት ነገርም ጠየቅሁ። የወተት ደብተሩ እንደ መሬቱ ደብተር በሁለት ስምና በሁለት ፎቶ ይሁን። ክፍያው ወተቱን ላመጣችው ሴት እጅ በእጅ መከፈል እንዲችል ይደረግ። ፕሮጀክቱ ሊተክለው ያሰበው የማቀዝቀዣ ታንክ ሲመጣ የማታውን ወተት የመስጠትና ያለመስጠት ውሳኔ የሴቲቱ ይሁን። የማታው ወተት መሰጠት አለመሰጠቱ እስከዚያ ድረስ በየቤቱ ይለያያል፤ ታንኩ ግን ይህን በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ ነው፤ እሱ ከተተከለ የማታው ወተት በየቀኑ ይፈለጋል፣ የመናጫው ገንቦም ተሰቅሎ ይቀራል።

የድርጅቱ ኃላፊዎች ሪፖርቱን በአክብሮት ተቀበሉ። የቤት ውስጥ ውሳኔ ከፕሮጀክቱ ወሰን ውጭ ነው አሉ። ይህ አባባል እስካሁን ያናድደኛል። ላሚቱን ማዳቀል፣ በረቱን በሲሚንቶ ማሠራት፣ ላሚቱ በስንት ሰዓት እንደምትታለብ መወሰን ወሰን ውስጥ ነው፤ ብሩ በማን እጅ እንደሚሰጥ ግን ከወሰን ውጭ ነው! ፕሮጀክቱ ደብተሩን ባሳተመበት ቀን ወደ ቤቱ ውስጥ ገብቷል። ሥልጣንን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ያዘዋወረ ሰው በማዘዋወሩ አልጠየቅም ሊል አይችልም።

ነገሩን ያነሣው በመጨረሻ የመስክ ሠራተኛው ነው፤ «በጋራ» ላይ ምልክት ያደረገው ወጣት። ሪፖርቱን አንብቦ የማኅበሩን ሊቀ መንበር አናገረ። ከመስቀል በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ እኔም ተጋበዝኩ። መንገዱ ደርቋል። በዚያን ቀን የመጡት አባላት ብቻ አልነበሩም፣ ሚስቶቻቸውም መጥተው ከኋላ ቆሙ። ሊቀ መንበሩ ሴቶቹ ድምፅ መስጠት ባይችሉም ይናገሩ አለ።

ክርክሩ ረጅም ነበር። አንዳንዱ «ቤታችንን ልትበትኑ ነው» አለ። አንዱ ሽማግሌ የመሬቱን ደብተር ጠቅሰው «ያኔም እንዲሁ ብለን ነበር፣ ቤታችን አልተበተነም» አሉ። እትዬ ተነሣች። የወተቱ መኪና እንዲቀር እንደማትፈልግ፣ ማኅበሩ ለልጆቿ የጠቀመውን እንደማትክድ ተናገረች። «ስሜ ይግባ ነው የምለው። በሬ ሲሸጥ ይጠይቀኛል፣ መሬት ሲከራይ ይጠይቀኛል። ወተቱን የማልብ እኔ፣ የማደርስ እኔ ነኝ፤ ብሩ ሲመጣ ለምን አልጠየቅም?» አለች። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን አወጡ።

ሁለተኛው ስም እንዲገባ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ወዲያው ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ የፎቶውን ዋጋ ማን ይክፈል? ማኅበሩ ገንዘብ የለኝም አለ፣ ፕሮጀክቱ በበጀቴ አልተያዘም አለ። ከኋላ የቆሙት ሴቶች ተመካክረው ከቅቤ ብራቸው አዋጥተው እንደሚከፍሉ አስታወቁ፤ ፎቶ አንሺም ለቅዳሜ ገበያ ከደብረ ብርሃን እንዲጠራ ተስማሙ።

የማታው ወተት ላይ ግን አልተስማሙም። ሊቀ መንበሩ ታንኩ ካልሞላ የመብራቱን ወጪ እንደማይችል አስረዳ፤ ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፣ ፋብሪካውም ብዙ ሊትር ለሚያቀርብ ማኅበር ነው የተሻለ ዋጋ የሚሰጠው። ባልቴቷ «እንግዲያው የማታውን ዋጋ ለእኛ ለብቻ ክፈሉና ውሰዱት» አሉ። ይህ በደንቡ ውስጥ የለም ተባለ። ደንቡ እንዲሻሻል አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተመረጠ፣ ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ታንኩ ከመተከሉ በፊት ለሚጠራው ጉባኤ ሐሳብ ያቀርባሉ።